ከእከኩ ይልቅ መድኃኒቱን ፍራ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ ውሻዬ ሌት ተቀን ያካል፤ ጎረቤቶቼ የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይሉኛል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለህ ለላክህብኝ ጥያቄ መልሴ አንድ ቃል ነው፦ አትቀባው። ምክንያቱን ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ። ዕድሜዬን በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ያሳለፍኩ፣ ከጢዮ እስከ በቆጂ በእግርም በሞተርም የዞርኩ ሰው ነኝ። በእከክ ከሞተ ውሻ ይልቅ እከኩን ለማጥፋት በተቀባው ነገር የሞተ ውሻ ማየቴ ይበዛል።

በእኛ አገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ጅብ ያባርራል እንጂ ማን ያጥበዋል? በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ውሻን በእጅ መዳሰስ የሚጸየፍ ብዙ ነው። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በዚህ የተነሳ የቆዳው ችግር የሚታወቀው ጠጉሩ ረግፎ ጎረቤት ሲያፍርልህ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰው ይቸኩላል፣ ያገኘውን ይደፋበታል። አንተ አትቸኩል። እንደመጣልኝ ቆጥሬ እጽፍልሃለሁ፣ አንተ እንደሚያስፈልግህ አንብበው።

1ኛ. ከመንካትህ በፊት እይ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግቢ አውጣውና የት የት እንደሚያክ ልብ በል። ቁንጫ ከጅራቱ ግርጌና ከኋላ ታፋው አካባቢ ይበዛል፤ ውሻው ዞሮ በፊት ጥርሶቹ ጅራቱ ሥር ሲቆረጣጥም ታየዋለህ። መዥገር ጆሮ ውስጥ፣ አንገት ሥርና በጣቶቹ መካከል ይለጠፋል። እከክ ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርንና ከሆድ ይጀምራል። ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ዳር ዳሩ ቅርፊት ያለው ቦታ ካየህ ጭርት ነው ብለህ ጠርጥር፤ ጥጃ ካለህ ጥጃውንም አብረህ እይ፣ ልጆችም እንዳይነኩት አድርግ። የጆሮው ጫፍ ብቻ ደምቶ ጥቁር ቅርፊት ከያዘና ውሻው በረት አጠገብ የሚውል ከሆነ ግን ምናልባት የነከሰው የከብት ዝንብ ነው። ለዚህ ሐኪም ቤት አትሂድ፤ እበቱን ከማደሪያው አርቅ፣ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቫዝሊን ቀባው።

ቁንጫ ፈጣን ስለሆነ ላታየው ትችላለህ። ጥርሱ የደቀቀ ሚዶ ፈልግና ከጅራቱ በላይ ያለውን ጠጉር እስከ ቆዳው ድረስ አበጥር። በሚዶው ላይ የቀረውን ጥቁር ብናኝ ውኃ ባረጠብከው ነጭ ሶፍት ላይ አራግፈው። ተራ አፈር ከሆነ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በእያንዳንዱ ብናኝ ዙሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ክብ እየሰፋ ከመጣ ግን የቁንጫ ኩስ ነው፤ የምታየው ቀለም የገዛ ውሻህ ደም ነው። ቁንጫውን ራሱን ባታገኘውም ተይዟል ማለት ነው።

2ኛ. የጆሮውን ጠርዝ ፈትሽ። ጓንት አድርግ፤ ከሌለህ እጅህን ፌስታል ውስጥ ክተት። የጆሮውን ጠርዝ አጥፈህ ራሱ ጆሮው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ፈተግ ፈተግ አድርገው። በዚያው ወገን ያለው የኋላ እግሩ ሳያስበው ተነስቶ አየሩን ማከክ ከጀመረ የእከክ ጥርጣሬህ ይጠንክር። ይህ የባልቴት ፈሊጥ አይደለም፤ ሐኪሞቹም የሚያደርጉት ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ቆዳው በምላጭ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ተባዩ ቆዳው ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ስለሚኖር አንዳንዴ ከዚያም ያመልጣል። ስለዚህ «ምርመራው ምንም አላሳየም» ቢሉህ፣ ማከኩ ካላቆመ ተመልሰህ ሂድ።

3ኛ. ስታጥበው ብርዱን አትርሳ። አሰላ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጭላሎ ተራራ ከራስጌዋ ሆኖ ነፋሱን ይለቅባታል። ቆላ ላይ የሚሠራ ምክር እዚህ ቡችላ ያሳምማል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ፀሐይ፣ ክንድህን በማያቃጥል ለብ ያለ ውኃ እጠበው። መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ ሳሙና ቀብተህ አረፋ ያለው ቀለበት ሥራለት፤ ይህን ካላደረግህ ውኃው ገላውን ሲነካ ቁንጫው ሁሉ ወደ ጆሮውና ወደ ዓይኑ ይሸሻል። ከዚያ ወደ ታች ውረድ። የሕፃን ሳሙና ይበቃል። አረፋውን አምስት አሥር ደቂቃ አቆይተህ በደንብ አለቅልቀው፤ ቆዳው ላይ የቀረ ሳሙና ራሱ ያሳክካል። የዱቄት ሳሙናና በረኪና አታስነካው፤ የውሻ ቆዳ ከእኛ የሳሳ ነው። በአሮጌ ልብስ አድርቀህ ፀሐይ ላይ እሰረው። ክረምት ላይ ፀሐይ ካልወጣ አትጠበው፣ ሚዶው ይበቃል።

ሽማግሌዎች እንዶድ ይሉህ ይሆናል። እንዶድ ትልቅ ተክል ነው፣ ነጠላችንን ያነጣልን፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማም የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደርሰውበታል። ለውሻ ግን አይሆንም። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ከላሰው ሆዱን ይበጠብጠዋል።

4ኛ. አጃ ግዛ። የምታክም መስሎህ ሩቅ ስትፈልግ ዋናው ማስታገሻ የሚበቅለው እዚሁ ደጋ ላይ ነው። ለአራስ አጥሚት የሚሆነው አጃ የተቆጣን ቆዳ ያበርዳል፤ በውጭ አገርም ለሚያሳክከው ሰውም ለሚያሳክከው ውሻም በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ይኸው ነው። ያልተቆላ፣ ስኳርም ቅመምም ያልገባበት ይሁን። አድቅቀህ አስፈጭና አንድ ኩባያ ዱቄት አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በጥብጥ። ውኃው ወተት ከመሰለና ጣቶችህ መካከል ሲሟልጭ ከተሰማህ በደንብ ደቅቋል፤ ዱቄቱ ባልዲው ሥር ከዘቀጠ ግን አልደቀቀምና መልሰህ አስፈጨው። ውሻው ላይ በጣሳ እየቀዳህ አፍስስ፣ የሚያክበትን ቦታ በእጅህ እየዳሰስህ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው። ቢልሰውም አይጎዳውም። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃል። አንድ ነገር ግን እወቅ፦ አጃ ማከኩን ያስታግሳል እንጂ ቁንጫም የእከክ ተባይም አይገድልም። ውሻህ ዛሬ ተኝቶ ስላደረ ድኗል ብለህ እንዳትዘናጋ።

5ኛ. የሚያዥ ቁስል ካገኘህ ጠጉሩን አንሳለት። ውሻ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲያክና ሲልስ ቆዳው ተገሽልጦ እርጥብ፣ ቀይና የሚሸት ይሆናል። ጠጉሩ ከላዩ ከተጣበቀ አየር አያገኝምና ቁስሉ ከሥር ይሰፋል። በመቀስ ዙሪያውን ከርክም። አፍልተህ ባቀዘቀዝከው ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟ፤ በንጹሕ ጨርቅ እየነከርክ ጠዋትና ማታ ጥረግ፣ ከዚያ ተወው ይድረቅ። ቅቤ አትቀባው፤ ቁስሉ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ውሻውንም ይበልጥ እንዲልስ ይጋብዘዋል።

መላሱን ማስቆም ግን ከጨዉ ይበልጣል። የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ባዶውን ውሰድ፤ ቂጡን ቁረጥ፣ አፉንም አንገቱ እስኪገባ ድረስ አስፍተህ ቁረጥ፣ የተቆረጠበትን ጠርዝ ሁሉ በፕላስተር ወይም በጨርቅ ጠቅልል። አንገቱ ላይ አጥልቀህ ከማሰሪያው ጋር በገመድ እሰረው። ጠርዙ ከአፍንጫው ጫፍ ጥቂት ይለፍ። ለትልቅ ውሻ ባልዲ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀን ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፣ ልጆች ይስቁበታል፤ አታውልቅለት። ቁስሉ በሁለት ሦስት ቀን ካልደረቀ ወይም መግል ከያዘ የቤት ሥራህ እዚህ ላይ ያበቃል።

6ኛ. ውሻውን ሳይሆን ማደሪያውን አክም። ቁንጫን የማያሸንፍ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሻው ላይ የምታየው ጥቂቱን ነው፤ ዕንቁላሉና ትሉ የሚተኛበት ጭድ ውስጥ፣ የግድግዳ ሥንጥቅ ውስጥ፣ ጎተራ ሥር ነው። አንዲት ቁንጫ በቀን በአሥር የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች፣ ዕንቁላሉም ከጠጉሩ ላይ እየተንሸራተተ ይረግፋል። ትሉ ድሩን አድርቶ ከተሸፈነ በኋላ ደግሞ ለወራት ተኝቶ መጠበቅ ይችላል፤ በእኛ ብርድ ላይ ዕድገቱ ስለሚዘገይ ዘመቻህም ይረዝማል። ጭዱን አውጥተህ አቃጥል። የገብስ ጭድ መልሰህ አታንጥፍለት፣ ጺሙ ራሱ ቆዳ ይወጋል፤ የሚቀቀል ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይሻላል። በየሳምንቱ አፍላ፣ ፀሐይ ላይ አስጣ፣ ወለሉን ጥረግና የፈላ ውኃ ድፋበት። ይህን ሁለትና ሦስት ወር ሳትሰለች አድርግ። ግቢ ያለውን ድመትና ሌላ ውሻ ሁሉ አብረህ አበጥር፤ አንዱን ትተህ ሌላውን ብታክም ደክመህ ትቀራለህ።

በመከር ወቅት ኮምባይነር ገብቶ ከወጣ በኋላ ወይም አውድማ ላይ የዋለ ውሻ ድንገት አንድ እግሩን መላስ ወይም ጭንቅላቱን ማራገፍ ከጀመረ፣ ተባይ ከመፈለግህ በፊት ጣቶቹን ፈልቅቀህ እይ። የገብስ ጺም አንዴ ቆዳ ከበሳ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ጫፉ ከታየህ በወረንጦ ሳብ፤ ጆሮ ውስጥ ከገባ ለሐኪም ተወው።

7ኛ. መዥገር በወረንጦ ይነቀላል። ከቆዳው ጋር በተጣበቀበት ቦታ ጭንቅላቱን ያዝና ሳትጠመዝዝ፣ ቀስ ብለህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። በክብሪት አታቃጥለው፣ ላምባም አታፍስስበት፤ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን በሽታ መልሶ ውሻው ደም ውስጥ ይተፋል። በጥፍርህም አታፍርጠው። የሳሙና ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣለውና እጅህን ታጠብ።

8ኛ. አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በአርሲ ገበሬ ቤት ኬሚካል አይጠፋም። በ1960 ዓ.ም. ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን ዕርዳታ እዚሁ ጭላሎ ሥር ሥራ ሲጀምር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ፤ ስንዴው ሲሰፋ ፀረ አረሙም ፀረ ተባዩም ተከተለ። ጥቅሙን አልክድም፣ የበላነው እንጀራ ምስክር ነው። ነገር ግን ለማሳ የተሠራው ጠርሙስ አልጋ ሥር ስለተቀመጠ ብቻ የቤት መድኃኒት ሆነ። ለእህል የተገዛ ማላታይን፣ ለበግ እጥበት የተገዛ ዲያዚኖን ለውሻ ይደፋል። በግ ገላውን አይልስም፤ ውሻ ግን የተቀባውን ሁሉ በምላሱ ወደ ሆዱ ያስገባል። ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰውና እግሩ ከከዳው ተመርዟል። ያን ጊዜ ጓንት አድርገህ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠበው፤ ወተት ጋተው የሚልህን አትስማ። ጠርሙሱን ከነጽሑፉ ይዘህ ወደ ሐኪም ሩጥ። የእነዚህ መርዞች ማርከሻ አትሮፒን የሚባል መርፌ ነው፤ ሐኪሙ እሱን ለመስጠት የምን መርዝ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ከሞተሩ ያጠበውን የብረት ዝቃጭና ካርቦን የያዘ ነው። ተባዩ ቆዳው ውስጥ ተቀብሮ ሳለ አንተ ከላይ ቆዳውን ታፍናለህ፤ ውሻው ይልሰዋል፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ይከፍላሉ። «እኔ ቀብቼው ድኗል» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ጉልበት ያለው ውሻ ከዘይቱም ከእከኩም ተርፎ ሊሆን ይችላል። ላምባ ቆዳ ይልጣል፣ እንፋሎቱ ሳንባ ይጎዳል። የትምባሆ ውኃም ኒኮቲን ነው፣ መርዝ ነው። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ለውሻ ደህና ሆኖ ድመትህን ሊገድል ይችላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚተኙ ከሆነ አስብበት።

አይቨርሜክቲንን ለብቻው ላንሳው፤ እውነተኛ መድኃኒት በመሆኑ ነው የሚያታልለው። ለከብት የሚወጋው አንዱ ሚሊ ሊትር የተሰላው ለ50 ኪሎ ክብደት ነው። ቡችላህ ሦስት ኪሎ ቢሆን የሚደርሰው በሲሪንጅ ላይ የጠብታ ያህል ነው፤ ያንን በዓይን ግምት የሚወጋ ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው። ኮሊ የሚባለውና ከእሱ ጋር የተዳቀለው የፈረንጅ እረኛ ውሻ ደግሞ በተፈጥሮው መድኃኒቱ አንጎሉ ውስጥ ስለሚገባበት ሌላውን የማይጎዳው መጠን ሊጥለው ይችላል። መርፌውን ሐኪም ይውጋ።

9ኛ. ከራስህ መድኃኒት ሣጥንም እጅህን ሰብስብ። ፓራሲታሞል፣ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ለውሻ አይሰጥም። ስቴሮይድ ያለበት የቆዳ ቅባት ማከኩን ለጥቂት ቀን ጸጥ አድርጎ እከኩንና ጭርቱን ያፋፋል። ለሰው እከክ የሚታዘዘውን ቢቢኤል ድመት ባለበት ቤት አታስገባ።

10ኛ. የምታበላውን እይ። እንጀራ ብቻ የሚበላ ውሻ ቆዳው ይደርቃል፣ ጠጉሩ ይሳሳል፣ ተባዩም ይደፍረዋል። አልፎ አልፎ ዕንቁላል፣ የተቀቀለ ሥጋ ጨምርለት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ደሙን ይጎዳል፤ ቁንጫ ያባርራል ብለው ነጭ ሽንኩርት የሚያበሉትን አትከተል። በግ ስታርድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን አትወርውርለት፤ የዚያ ትል ከውሻው ወደ ልጆች ይተላለፋል። ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት ውሻም ሁልጊዜ ቆዳው አይደለም የሚያሳክከው፤ ቁንጫ ስትዋጥ የምታስይዘው የኮሶ ትል አለ፣ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ጅራቱ ሥር ፈልግ።

11ኛ. እከክ ነው ከተባለ ጊዜ አታጥፋ። አሰላ ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፣ የወረዳው ክሊኒክም አለ፤ ነገሩ ከከበደ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ በላምና በበሬ ተጠምዶ «ለውሻ ነው እንዴ?» ቢልህ አትፈር፣ ተራህን ጠብቅ። ሕክምናው አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይደገማል፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች ሁሉ አብረው ይታከማሉ። አንተና ልጆቹ ክንዳችሁና ሆዳችሁ ላይ ቀይ ሽፍታ ካያችሁ ከእሱ ሊሆን ይችላል። የውሻው ተባይ ሰው ላይ ስለማይራባ ውሻው ሲድን ሽፍታው ይጠፋል፤ ካልጠፋ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይኑና አፉ ዙሪያ ብቻ ጠጉሩ የረገፈ፣ ብዙም የማያክ ቡችላ ግን ሌላ ነው፤ ያ ከእናቱ የወረሰው ተባይ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ብዙውን ጊዜ ቡችላው ሲያድግ ራሱ ይለቀዋል።

12ኛ. ከማይነካ ማከክ ተጠንቀቅ። አንድ ቦታ ብቻ፣ በተለይ የተነከሰበትን ጠባሳ፣ ሥጋው እስኪታይ የሚቦጭቅ፤ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፤ ድምፁ የሻከረ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ ውሻ የቆዳ በሽተኛ ላይሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህም ይጀምራል። አትንካው፣ በር ዝጋበትና ለቀበሌውና ለእንስሳት ጤና ክሊኒኩ ተናገር። የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጠበል ከወደደ ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ይህ በሽታ የሚያሰጋው ሰውን ብቻ አይደለም። እረኞቻችን ውሻ አስከትለው ጭላሎና ገለማ ተራሮች ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰው በጠቅላላው 500 የማይሞላ እንስሳ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ከውሾች የተላለፈው በሽታ እዚያ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። አንተ ውሻህ እንዲታይለት ወደ ክሊኒክ መሄድህ ካልቀረ፣ ሦስት ወር የሞላው ከሆነ በዚያው አስከትበው፣ ካርዱን አስቀምጥ፣ በየዓመቱም አስደግመው። ጎረቤትህ ዘይቱን ይዞ ከመጣም እሱንም ከነውሻው ይዘኸው ሂድ።